ባልዲ ሲመታ የማይመጡት

ዓሣ ሲታመም አይጮህም፣ አያቃስትም፣ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ አይልም። አርቢዎች «ድንገቴ» የሚሉት በሽታ ስሙን ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ማታ ደህና የነበረ ኩሬ ጠዋት ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ በሚንሳፈፍ ዓሣ ተሸፍኖ ይገኛል። እኔ ግን ይህን ስም በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። በሽታው ዓሣው የሚተነፍስበት ስንጥብ ላይ ሳምንት ሙሉ ተደላድሎ ከኖረ በኋላ ነው የሚገድለው። ያኔ ኩሬው ዳር ቆመው «ድንገት መጣብን» ይላሉ። ምኑ ነው ድንገት? ስላላዩት ነው እንጂ።

ለዚህ ነው ወጣትነቴን ዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት ባለ ላቦራቶሪ ውስጥ የጨረስኩት፤ በመስኮቱ የሚታየው የቆመ መኪና ጎማ ብቻ ነው። ደግሞም በከንቱ አልጨረስኩትም። ከላቦራቶሪ ቴክኒሻኑ ጋር ሆነን ጣት የምታህል መመርመሪያ ሠራን። ከዓሣው ስንጥብ ላይ ትንሽ ልጋግ በጥጥ ይጠረጋል፣ ጥጡ ፈሳሽ ውስጥ ይታሻል፣ ከፈሳሹ መመርመሪያዋ ላይ ጠብ ይደረጋል። ከዚያ ሩብ ሰዓት መጠበቅ ነው። አንድ ቀይ መስመር ከወጣ ዓሣው ንፁህ ነው፤ ሁለት ከወጣ ድንገቴ ገብቷል። እርግዝና መርምራ የምታውቅ ሴት ሁሉ ያለ አስተማሪ ታነበዋለች። ቴክኒሻኑን «ጠብታ» እንለዋለን። ቁመቱ አጭር ነው፣ ሥራው ጠብታ መቁጠር ነው፣ ወሬውም ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚወጣው። ቅጽል ስሙን እናቱ ካወጣችለት ስም የበለጠ ይወደዋል።

ችግር የመጣው ከላቦራቶሪ እንውጣ ስንል ነው። መመርመሪያዋ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ስለሆነች ማን እያመረተ ይሽጣት የሚለውን የሚወስነው የቴክኖሎጂ ሽግግር ቢሮው ነው። አመልካቾቹ ሁለት ነበርን። አንዱ እኔና ጠብታ ያቋቋምነው ኩባንያ ነው። ኩባንያ ስል እኔ፣ ጠብታ፣ እና በሩ በፕላስተር የሚዘጋ አንድ ማቀዝቀዣ ማለቴ ነው። ሌላው የእንስሳት መድኃኒት ነጋዴው ነበር። ይህ ሰው ለዓሣ አርቢዎች አንቲባዮቲክ በጆንያ ይሸጣል። አንቲባዮቲክ ድንገቴን አይነካውም፤ ዓሣው ምን እንደታመመበት የማያውቅ ሰው ግን ያገኘውን ሁሉ ይገዛል። የሚያውቅ ሰው አይገዛም። ስለዚህ ነጋዴው መመርመሪያችንን የፈለጋት ሊሸጣት ሳይሆን መሳቢያ ውስጥ ሊቆልፍባት ነበር። ይህንኑ ቢሮ ውስጥ ፊት ለፊት ነገርኩት።

ሳቀ። «እህቴ፣ እኛ እኮ እናሳድጋታለን» አለኝ።

«እናቷ በሕይወት እያለሁ ምን ሲደረግ?» አልኩት።

የቢሮው ኃላፊ ክፉ ሰው አይደሉም። ምንም ይጠየቁ ምን «ቀስ በቀስ» ብለው ስለሚመልሱ ግቢው ሁሉ በሌሉበት ቀስ በቀስ እያለ ይጠራቸዋል። የዚያን ቀን ግን እሳቸውም ቆረጡ። እውነተኛ እርሻ ላይ፣ እሳቸው ራሳቸው ባሉበት፣ መመርመሪያዋ እንደምትሠራ ካሳየን ፈቃዱ የእኛ ነው። ካላሳየን ለነጋዴው ይሰጣል። ነገሩ ይኸው ነበር።

እርሻ ፍለጋ ወጣሁ። የሄድኩበት ሁሉ በር ድረስ በፈገግታ ይሸኘኛል፤ ኩሬውን ግን አያሳየኝም። እኔም ባልወደውም ይገባኛል። ኩሬህ ታሟል የተባለ ሰው በማግስቱ ገዢ የለውም። የተበላሸ ዓሣውን ደብቆ የሚሸጥ እንጂ በአደባባይ የሚያስመረምር አርቢ ያን ጊዜ አልነበረም። መጨረሻ ላይ የቀረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው።

ጋሼ የዓሣ ጫጩት ያረባል። የዓሣ ጫጩት ማለት ከጣት ብዙም የማይበልጥ ትንሽ ዓሣ ነው። እሱ ያሳድግና ለአከፋፋይ ይሸጣል፣ አከፋፋይዋ ደግሞ በየአካባቢው ላሉ አርቢዎች ታደርሳለች። ከእሱ ግቢ የወጣ በሽታ የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል አስቡት። ያሉት ሦስት ኩሬዎች ናቸው። አባታችን ካረፈ ጀምሮ እናታችንን የጦረው፣ እኔንም «ዶክተር» እስክባል ያስተማረኝ ከእነዚህ ሦስት ኩሬዎች ነው። ሌላ የገቢ ምንጭ የለውም፤ ሚስትም ያላገባው በዓሦቹ ምክንያት ነው እያለች እማዬ ታማዋለች።

«ዶክተርዬ፣ ዓሦቼን ልትሰድቢ ነው የምትመጪው?» አለኝ ስጠይቀው።

«ልመረምር ነው።»

«አንድ ነው።» ከዚያ ደግሞ፣ «ነይ እንግዲህ። ምን አደርጋለሁ፣ እህት ተደርገሻል።»

የሙከራው ቀን ቀስ በቀስ ጫማቸው ላይ ፌስታል አስረው መጡ። ነጋዴውም ልብሱን ተኩሶ፣ ሽቶውን ተቀብቶ መጣ፤ ማንም አልጠራውም። ጋሼ የመጀመሪያው ኩሬ ዳር ቆሞ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው የመኖ ባልዲውን በዱላ መታ። ውሃው እንደሚፈላ ድስት ተንተከተከ። ጫጩቶቹ እየተጋፉ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየዘለለ መጡ፤ መረቡን ጣል አድርጎ ሞልቶ አወጣው። ጠብታ ጥጡን ይዞ ተቀመጠ፣ እኔ መመርመሪያዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ፣ ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ሁሉም ላይ አንድ መስመር ብቻ ወጣ።

«ንፁህ ነው» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። ቀስ በቀስ አጨበጨቡ። ጋሼ ኩራቱን መደበቅ አቅቶት ወዲያ ዞረ። ነጋዴው ብቻ፣ ጤነኛ ዓሣን ጤነኛ ነው ማለት እንኳ አይከብድም፣ በሽተኛውን ሲያገኝ እናያለን ብሎ ሄደ። አልዋሸም፤ ስላልዋሸ ይበልጥ አናደደኝ። ጋሼ ንፁህ ነው ስላልኩት መረቡን መድኃኒት ውስጥ ሳይነክር በዚያው እጁ ወደ ሁለተኛው ኩሬ ይዞት ሄደ። ዓይኔ እያየ ነው የሄደው፤ ምንም አላልኩም።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ ጋሼ ስልክ ደወለ። «ሞተዋል» አለና ዘጋው።

ስደርስ የመጀመሪያው ኩሬ ነጭ ሆኗል። ውሃው አይታይም፤ የሚታየው ሆድ ብቻ ነው። እማዬ በረንዳው ላይ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ቆማለች። ጋሼ የሞቱትን በመረብ እያወጣ በርሜል ውስጥ ይጨምራል። ነጋዴው ከኔ ቀድሞ ደርሶ ጆንያዎቹን ከመኪና ያወርዳል። የተረፈውን እናድን እያለ ነው። ቢሮውም ጋ ደውሎ ኖሯል።

«ንፁህ ነው አላልሽኝም?» አለ ጋሼ ቀና ሳይል።

«ብዬሃለሁ።»

«እንግዲህ ሂጂልኝ።»

ዘመኔን ሙሉ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ልጅ ሆኜ መኖውን ሁሉ አንድ ቀን ኩሬ ውስጥ ስደፋው እንኳ ስቆ ነው ያለፈኝ። አንድ የሞተ ጫጩት በፌስታል ያዝኩና ሄድኩ፤ አውቶቡስ ውስጥ እስክገባ ድረስ ግን እንባዬን ማንም እንዲያይ አልፈቀድኩም።

ላቦራቶሪ ስደርስ ጠብታ ፌስታሉን ከእጄ ተቀበለኝ። የሞተውን ዓሣ መረመርነው፤ ሁለቱ መስመሮች ገና ፈሳሹ ሳይደርቅ ቦግ ብለው ወጡ። ከማቀዝቀዣው ሌላ ጥቅል አወጣን፣ ከሌላ ቀን ምርት ሌላ አወጣን፣ ያስቀመጥነውን የበሽታ ናሙና እያቀጠንን ሞከርን። ሁሉም ላይ ሁለት መስመር።

«አልዋሸችም» አለ ጠብታ።

«ታዲያ ማን ዋሸ?»

ጠብታ የተጠቀምንባቸውን ጥጦች መሰብሰብ ጀመረ። እኔ ግን ጃኬቴን አንስቼ ተመልሼ ወደ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ሂጂልኝ ያለኝ ለዚያች ሰዓት ነው፣ እስከ ዕለተ ሞቴ አይደለም።

በሩን አልከፈተልኝም። በጓሮ በኩል በሽቦው ሥር ሾልኬ ገባሁ። እማዬ አይታኝ «ቀሚስሽ ተቀደደ» አለችና በርጩማ አምጥታ ሁለተኛው ኩሬ ዳር አስቀመጠችልኝ። እዚያ ቁጭ ብዬ አፈጠጥኩ። የሁለተኛው ኩሬ ዓሦች ገና አልሞቱም። እንዲያውም ጤነኞች ይመስላሉ። ጋሼ የመኖ ሰዓት ሲደርስ መጣ፤ እኔን እንዳላየ አልፎ ባልዲውን መታ። ዓሦቹ እየተንጋጉ መጡ። እኔም እንደማንኛውም ሰው የመጡትን አየሁ። ከዚያ በኋላ ነው ዓይኔ ወደ ሌላው ጥግ የሄደው።

ውሃ የሚገባበት ቱቦ ሥር የቀሩ ነበሩ። ጥቂት ናቸው። ቀለማቸው ጠቆር ያለ ነው፣ ራሳቸውን ወደሚገባው ውሃ አዙረው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። መኖው ዝናብ ሆኖ ሲወርድ አንዳቸውም ዞር አላሉም። እኛ ሙከራው ቀን የያዝነው ባልዲ ሲመታ የመጡትን ነው። የታመመ ይበላል እንዴ? የታመመ የምግብ ጥሪ ሰምቶ ይሮጣል? ከኩሬው ውስጥ ጤነኞቹን ብቻ መርጠን፣ ጋብዘን፣ መርምረን፣ ጤነኞች ናቸው ብለን አጨበጨብን።

ይህን ስህተት ከላቦራቶሪ ሰው በቀር ማንም አይሠራውም። እኛ ጋ ዓሣ የሚወጣው ከጠባብ ገንዳ ነው። መረቡ ሲገባ የራበውም የታመመውም አብሮ ይወጣል፤ ግብዣው ይቅርብኝ ብሎ ጥግ የሚይዝ ዓሣ የለም፣ ጥጉም የለም። ለአርቢዎች ባዘጋጀሁት መመሪያ ላይ መመርመሪያዋ በየትኛው ጫፍ እንደምትያዝ ገጽ ሙሉ ዘብዝቤአለሁ። የትኛው ዓሣ ይያዝ የሚለውን ግን አንዲት ቃል አልጻፍኩም፤ ጥያቄ መሆኑም በሐሳቤ አልመጣም ነበር።

ተነስቼ ለጋሼ እንቅጩን ነገርኩት። ባልዲውን እንደያዘ ሰማኝ።

«እኔ ባልዲ ባልመታ ኖሮ ማለት ነው» አለ።

«አይደለም። አንተ የምታውቀውን ሠራህ። መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

ባልዲውን አስቀምጦ ወደ ቤት ገባ።

በማግስቱ ቀስ በቀስ ቢሮ ጠሩኝ። ነጋዴውም እዚያው ነበር፤ የእኔን ወንበር ይዞ ነው የጠበቀኝ። ነገሩን ሁሉ ስነግራቸው የቀስ በቀስ ፊት ፈካ።

«እና ናሙናውን ያወጣው ገበሬው ነዋ» አሉ። «ተጠቃሚው አጠቃቀሙን ተሳስቷል። እንዲህ ብለሽ በጽሑፍ አስገቢ፤ የመመርመሪያው ስም ይነጻል፣ እኔም ለኮሚቴው የማቀርበው ነገር አገኛለሁ።»

«ገበሬው ወንድሜ ነው።»

«ይሁና። ምን ይሆናል? አይታሰርም።»

በእውነት ለአንድ አፍታ ፈተነኝ። አንድ አረፍተ ነገር ነው። ጋሼ መጻፉን እንኳ ባላወቀ ነበር። ነጋዴው ወንበሩ ላይ ተለጥጦ የምለውን ይጠብቃል። እሱን ሳየው ነው ነፍሴ የተመለሰችው፤ ዕድሜ ልኩን የኖረው እኮ በዚህ ነው። ዓሣ ሲሞት መድኃኒቱ ሳይሆን አጠቃቀማችሁ ነው ይላቸዋል፣ ሌላ ጆንያ ይሸጥላቸዋል። እኔም ገና ሱቄን ሳልከፍት የእሱን ቋንቋ ልናገርለት ነው?

«አላስገባም» አልኩ። «ስህተቱ የእኔ ነው። እንዲያ ብለው ይጻፉ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ቀን ይስጡኝ፤ የማይበሉትን ይዤ ላሳይዎት።»

«እህቴ፣ ይብቃሽ» አለ ነጋዴው፣ ድምፁን እንደ ታላቅ ወንድም አለስልሶ። «እኔ ጋ ሥራ ጀምሪ። ጥሩ ቢሮ፣ ፀሐይ የሚገባበት። መመርመሪያሽም በክብር ትቀመጣለች።»

«በክብር የሚቀመጥ ሬሳ ነው» አልኩት። «ቀን ይሰጡኛል ወይስ አይሰጡኝም?»

ቀስ በቀስ ብዕራቸውን አሽከረከሩ። ኮሚቴው ነገ ከሰዓት በኋላ ይፈርማል አሉ። ነገ ጠዋት ከሆነ ይሁን። የት? የታመመ ኩሬ ከየት ይመጣል? ጥያቄው ቢሮው መሃል ላይ ተንጠለጠለ፤ መልሱን ደግሞ ሦስታችንም እናውቀዋለን።

«የወንድሟ ሁለተኛ ኩሬ አለ አይደል?» አለ ነጋዴው ፈገግ ብሎ። ያ ፈገግታ ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኛል። ነገ ጠዋት አከፋፋይዋ የሁለተኛውን ኩሬ ጫጩት ልትጭን የምትመጣበት ቀን ነው። ሁለት መስመር ከወጣ እኔ አሸንፋለሁ፤ ጋሼ ደግሞ የተረፈውን ያጣል። አንድ መስመር ከወጣ ጋሼ ይሸጣል፣ መመርመሪያዋም ወደ መሳቢያ ትገባለች። በወንድሜ ኪሳራ እንድሸለም ነው ያመቻቸልኝ።

ከቢሮው ወጥቼ በቀጥታ ጋሼ ጋ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ በሩ ተከፈተልኝ፤ የከፈተችው እማዬ ናት። ጋሼ ጠረጴዛው ላይ የተቀደደ መረብ ይጠግናል። ቁጭ ሳልል ሁሉንም ነገርኩት፤ ያልኩትን፣ ያሉኝን፣ ነገ ምን ሊመጣ እንደሚችል።

«እኔን አክስረሽ ልትከብሪ?» አለኝ።

«አዎ፣ እንደዚያ ነው የሚመስለው።»

«አይመስልም፣ ነው።»

«ነው እንግዲህ። እምቢ በለኝ፣ አልቀየምህም። የራስህ ኩሬ ነው። ግን ጋሼ፣ አይቻቸዋለሁ። ቱቦው ሥር የቆሙትን አይቻለሁ። ዳግመኛ ንፁህ ነው ብዬ አልዋሽልህም። ብትጭናቸው ያንተ በሽታ ሆኖ ነው በየሰዉ ኩሬ የሚገባው።»

መረቡን መጠገኑን ቀጠለ። እማዬ በእሱና በእኔ መሃል ቆማ፣ «ሁለታችሁም የዚያ አባታችሁ ልጆች ናችሁ፣ አንዳችሁ እንኳ እኔን ብትመስሉ ምን ነበረበት» አለች። ማንም አልሳቀም። ጋሼ ከመረቡ ዓይኑን ሳያነሳ ወጣሁ።

ጠዋት ከጠብታ ጋር ስንደርስ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የአከፋፋይዋ መኪና ጀርባውን ለሁለተኛው ኩሬ ሰጥቶ ቆሟል፤ ላዩ ላይ የውሃ ታንከሮችና የኦክስጅን ሲሊንደሮች አሉ። አከፋፋይዋ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ የጎማ ቡትስ ያደረገች፣ ለማንም የማትቸኩል ወፍራም ሴት ናት። ቀስ በቀስ ፌስታላቸውን ጫማቸው ላይ አስረዋል። ነጋዴው ጥላ ሥር ቆሟል።

ጋሼ ባልዲውን አልያዘም። ረጅም እጀታ ያለው ትንሽ መረብ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው።

«አንቺ አውጪ» አለኝ። «ኋላ እሱ ነው ያወጣው እንዳይሉ።»

ቱቦው ሥር ገብቼ ውሃው ወገቤ ድረስ መጣ። የታመሙት ለመሸሽ እንኳ አቅም የላቸውም፤ መረቡን አስጠጋሁት፣ ገቡ። ጠብታ ጥጡን አሸ፣ ጠብ አደረገ። ሩብ ሰዓት እንዲህ ይረዝማል? ጋሼ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ መመርመሪያዎቹን ያያል። የመጀመሪያው መስመር ወጣ። ከዚያ ሁለተኛው መጀመሪያ እንደ ጥርጣሬ ሆኖ፣ ቀጥሎ ደግሞ ቁልጭ ብሎ ወጣ። አንዱ ላይ፣ ቀጥሎ ባለው ላይ፣ ከዚያ ባለው ላይ። ለዚህች መስመር ነበር የኖርኩት፤ ስትወጣ ግን ወደ ጋሼ መዞር አቃተኝ።

«ሠርታለች» አሉ ቀስ በቀስ፣ ቀስ ሳይሉ።

ነጋዴው ከጥላው ወጥቶ ጋሼን በክንዱ ያዘው። ዝቅ ብሎ የተናገረ መስሎት ነበር፤ ሁላችንም ሰማነው። «ወንድሜ፣ አትሞኝ። እነዚህ በመረቡ ከመጀመሪያው ኩሬ ተጎትተው የመጡ ናቸው በል። ምርመራው ይሻራል። ጫጩትህን ዛሬ ጫን። ለቀሩት መድኃኒቱን እኔ በነጻ እሰጥሃለሁ።»

ይህን ቢል ማንም ሊያስተባብለው አይችልም ነበር። እኔም ብሆን። ቀስ በቀስ ጋሼን ያያሉ፣ አከፋፋይዋ የታንከሩን ክዳን ይዛ ጋሼን ታያለች። ጋሼ ግን እኔን ነበር የሚያየው።

«ሁለት ናት?» አለኝ።

«ሁለት ናት።»

ክንዱን ከነጋዴው እጅ አላቀቀና ወደ መኪናው ሄደ። «ዛሬ የሚጫን የለም» አላት አከፋፋይዋን። «ኩሬዬ ታሟል።»

ከዚያ በፊት አንድም አርቢ በገዛ አፉ፣ በገዢ ፊት ይህን ቃል ሲያወጣ ሰምቼ አላውቅም።

«እህትህ አከሰረችህ» አለ ነጋዴው።

«ያከሰረኝ በሽታው ነው። እሷማ ነገረችኝ።» ጋሼ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «አንተ ይህን ሁሉ ዘመን መድኃኒት ስትሸጥልኝ፣ አንድ ቀን ዓሣህን የገደለው ይሄ ነው ብለኸኝ ታውቃለህ? ጆንያህን ሰብስብና ውጣልኝ።»

አከፋፋይዋ ክዳኑን ዘጋችና መጥታ አንዷን መመርመሪያ አነሳች፤ ወደ ብርሃን አድርጋ አገላብጣ አየቻት። ለማን ልሸጣት እንዳሰብኩ ጠየቀችኝ። ለአርቢዎች አልኳት።

«አርቢ አይገዛሽም» አለችኝ። «ዕቃው መበላሸቱን የሚነግረውን የሚገዛ ሻጭ አይተሽ ታውቂያለሽ? ከዚህ ከወንድምሽ በቀር። የምገዛሽ እኔ ነኝ፤ ጭኜ መንገድ ላይ ከሚያልቅብኝ ሳልጭን ልወቀው። ከነገ ጀምሮ ይቺ ሳታየው ወደ ታንከሬ የሚገባ ዓሣ የለም። ያልተመረመረ ቢለምነኝም አልጭንም።»

እዚያው እርጥብ ቀሚሴን እየጨመቅኩ ለኩባንያዬ ደንበኛ አገኘሁ። ጠብታ እንኳ ከሦስት ቃል በላይ ተናገረ። ቀስ በቀስ ውሉን ከቦርሳቸው አውጥተው የመኪናቸው ኮፈን ላይ ዘረጉት፤ ፈርሚ፣ እኔም ዛሬውኑ ለኮሚቴው ላድርስ አሉኝ። ፈረምኩ፤ እጄ ጭቃ ስለነበር ወረቀቱ ላይ አሻራዬም አብሮ ቀረ። ብዕሩን ስመልስላቸው ጋሼ ብቻውን የኖራ ከረጢት ተሸክሞ ወደ ኩሬው ሲሄድ አየሁት። ድንገቴ በገባበት ኩሬ የሚደረገው አንድ ነገር ነው፤ የበላውም ያልበላውም ወጥቶ ይቀበራል፣ ውሃው በኖራ ይታከማል።

«ሂጂ፣ ዛሬ የደስታሽ ቀን ነው» አለኝ ስደርስበት።

«ደስ ብሎኛል» አልኩትና አካፋውን ተቀበልኩት። እውነቴን ነበር። ማልቀሴም እውነት ነበር።

ጉድጓዱን ሦስት ሆነን ቆፈርን። ሦስተኛውን ኩሬ፣ መረቡ ያልነካውን፣ ጠብታ በአዲስ መረብ ጥግ ጥጉን እየፈለገ መረመረው፤ ጋሼ አጠገቡ ቆሞ ይቺንም ያቺንም አውጣ እያለ አስቸገረው። የተደበቀ የመሰለውን ሁሉ አወጡ። ሁሉም ላይ አንድ መስመር። ጋሼ «እሺ» ብቻ አለና ተመልሶ አካፋውን ያዘ።

ስንጨርስ ከመጋዘን አንድ ጣውላና የተረፈ ቀይ ቀለም ይዞ መጣ።

«ጻፊ» አለኝ። «ኩሬያችን ድንገቴ አለበት፤ መረብም ዓሣም አይውጣ በይ። ትልቅ አድርጊው።»

«ጋሼ፣ ይህን መንገድ ሰው ሁሉ ነው የሚያልፍበት።»

«ለዚያ ነው እኮ። ስልኬንም ከሥሩ ጨምሪበት። የሚስቅም ካለ ይደውልልኝ።»

ጻፍኩት፤ በሩ ላይ በሚስማር መታው። እማዬ ከበረንዳው ሆና ሰው ምን ይላል አለች፣ ከዚያ ደግሞ ጣውላው ጠሟል፣ በቀኝ በኩል ከፍ አድርጉት አለች። እጃችንን ሳንታጠብ ስልኩ ጠራ። ጋሼ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ለስድብ ተዘጋጅቶ አነሳው። እስከ መጨረሻው ሰማ። ግንባሩ ቀስ እያለ ተፈታ።

«ማነው?» አልኩት።

ስልኩን በመዳፉ ሸፈነ። «ከታች ያለው አርቢ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ኩሬህ መታመሙን እንዴት አወቅህ ይለኛል» አለና ስልኩን ለእኔ ዘረጋልኝ።